ውሃውን አፍልቶ የሚጠጣው ሐኪም

ጊዜው ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ ተራራው ገና አረንጓዴ እንደሆነ አምስት ሆነን ሰሜን ተራሮች ወጣን። ሦስት የሥራ ጓደኞቼ፣ እኔና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ገና የጨረሰው ታናሽ ወንድሜ። እሱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። እናታችንን አስፈቅጄ፣ አደራ ተቀብዬ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የያዝነው ሃይላንድ አለቀ። ድንኳን የተከልንበት ቦታ አጠገብ አንድ ጅረት ይወርዳል። እንደ መስታወት የጠራ፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ወንድሜ ሊጠጣ ጎንበስ አለና ቀና ብሎ አየኝ። ልጠጣ ወይ ማለቱ ነበር።

ምድጃው ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ጋዝም አለን። ውሃ ማፍላት ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጀው። እኔ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ገደሉ ጫፍ ደርሼ ፎቶ ማንሳት ፈልጌያለሁ። ከተራራ የሚወርድ ውሃ ደግሞ ምን ይሆናል ብዬ ጠጣ አልኩት። ጠጣ። ባዶውን ሃይላንድም ሞልቶ ያዘ።

በማግስቱ ማታ ጀመረው። መጀመሪያ ሆዱን ቆረጠው፣ ከዚያ ማስመለስና ተቅማጥ። እኩለ ሌሊት ላይ መቆም አቃተው። ንጋት ላይ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ሳየው እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኛ አራታችን ግን ምንም አልሆንንም። በኋላ ነው የገባኝ፦ ከዚያ ጅረት ተቀድቶ እኛ የጠጣነው ሻይ ሆኖ ነው።

ዕቃችንን የሚጭኑልን ባለበቅሎ አባት ልጁን በበቅሎ ላይ አስቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው ደግፈውት፣ ቁልቁል ወረድን። መንገድ ላይ በከዘራቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ። ከጅረቱ በላይ ከብቶች ይግጣሉ። ከዚያ በላይ ጎጆዎች አሉ። እኔ የጠጣ ያልኩት ውሃ እነዚህን ሁሉ አልፎ ነው የመጣው። ጋሼ ምንም አልወቀሱኝም። ያ ነው ይበልጥ የከበደኝ።

ጤና ጣቢያ ደርሰን ግሉኮስ ተሰቀለለት። ኮሌራ አልነበረም። ግን ባለሙያዋ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ይከብድ ነበር አለችኝ። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምደውል እያሰብኩ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ባትሪው ሊያልቅ በደረሰ ስልክ ስለ ውሃና ስለ በሽታ ማንበብ ጀመርኩ። እዚያ ነው ከጆን ስኖው ጋር የተገናኘነው።

አይ፣ የጌም ኦፍ ትሮንሱን አይደለም። ያኛው ሰይፍ ይዞ በረዶ ላይ የሚዋጋው ነው። ይኼኛው እውነተኛ ሰው ነው፤ የተዋጋውም ከአንድ የውሃ ፓምፕ ጋር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ስኖው መጋቢት 15 ቀን 1813 በእንግሊዝ ዮርክ ከተማ ተወለደ። ለዘጠኝ ልጆች የመጀመሪያው ነበር። አባቱ የጉልበት ሠራተኛ ናቸው። ሰፈራቸው የድሆች ሰፈር ሲሆን ወንዝ ዳር ስለሆነ ጎርፍ አያጣውም። ወንዙ የሚጠጣበትም፣ ቆሻሻ የሚደፋበትም ነበር። የበኩር ልጅ መሆን ምን ማለት እንደሆነ እኛም እናውቀዋለን። ቶሎ ሠርቶ ለቤተሰቡ መድረስ ነበረበት።

በ14 ዓመቱ ከቤቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ኒውካስል ሄደና አንድ ሐኪም ዘንድ ለሙያ ተለማማጅነት ገባ። ያኔ ሕክምና የሚለመደው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ብቻ አልነበረም። ልክ እንደ ጋራዥ ሥራ፣ ከባለሙያው ሥር ሆኖ እያዩ፣ እየተላኩ፣ እየተገሰጹ ነበር።

በ1831 መጨረሻ ኮሌራ እንግሊዝ ገባ። ስኖው ገና 18 ዓመቱ ነው። ሌላ የሚላክ ሰው ስላልነበረ ኪሊንግዎርዝ ወደተባለ የከሰል ማዕድን መንደር እሱ ተላከ። አስቡት፤ የወንድሜ እኩያ ልጅ፣ መድኃኒት በሌለው በሽታ መሐል፣ ብቻውን። ጠዋት ጤነኛ ሆኖ ወደ ጉድጓድ የወረደ ሰው ማታ ይሞታል። ስኖው ያለውን ሁሉ ሞከረ። የሚሠራ ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ልብ አለ። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ቀኑን ሙሉ መሬት ሥር ነው የሚውሉት። እዚያ ሽንት ቤት የለም፤ እጅ መታጠቢያም የለም። ምሳቸውን የሚበሉትም እዚያው፣ በዚያው እጃቸው ነው። ይህ ነገር ከአእምሮው አልወጣም። መልሱን ለማግኘት ግን ከ15 ዓመት በላይ ፈጀበት።

ስኖው ለየት ያለ ሰው ነበር። በ17 ዓመቱ ሥጋ መብላት ተወ። ትንሽ ቆይቶ መጠጥም አቆመ፤ ስለ መጠጥ ጉዳትም በየስብሰባው ይናገር ነበር። አዋቂ ከሆነ በኋላ የሚጠጣውን ውሃ አፍልቶ ነው የሚጠጣው። ይህን የሚያደርገው ጀርም በሽታ ያመጣል የሚለው ሐሳብ ገና ተቀባይነት ባላገኘበት ዘመን ነው። ጓደኞቹ ሳይገርማቸው አልቀረም። ዕድሜው ሲገፋ ኩላሊቱን ስላመመው ሥጋና ትንሽ ወይን ጀምሯል። ውሃ ማፍላቱን ግን አልተወም።

በ1836 በእግሩ ረጅም መንገድ ተጉዞ ለንደን ገባ። ተማረ፣ በ1838 የቀዶ ሕክምና ፈቃድ አገኘ፣ በ1844 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክትሬቱን ያዘ። ሶሆ በሚባለው የተጨናነቀ ሰፈር መኖር ጀመረ። አላገባም። ዝምተኛ ነበር፤ ጊዜውን ሁሉ የወሰደው ሥራው ነው።

በመጀመሪያ ስሙ የወጣው በውሃ አይደለም፤ በማደንዘዣ ነው። በ1846 የኤተር ማደንዘዣ ዜና ከአሜሪካ ሲደርስ ሌሎች ሐኪሞች በዘፈቀደ ሲሞክሩት እሱ መጠኑን የሚቆጣጠር መሣሪያ ሠራ። ስንት ጋዝ በስንት ሙቀት ሰውን እንደሚያስተኛ ለካ። ከዚያ ክሎሮፎርምን እንዲሁ። በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ሲወልዱ፣ በ1857 ደግሞ ልዕልት ቢያትሪስን ሲወልዱ ምጣቸውን ያቀለለላቸው እሱ ነው። የጉልበት ሠራተኛው ልጅ ቤተ መንግሥት ገባ።

እዚህ ላይ ቁም ነገሩ ይጀምራል። በዚያ ዘመን የተማረው ሁሉ ማለት ይቻላል ኮሌራን የሚያመጣው መጥፎ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። የገማ ነገር ካለ በሽታ አለ፤ ካልገማ የለም። ስኖው ግን ስለ ጋዝ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሥራው ነዋ። ጋዝ ሲርቅ እየሳሳ እንደሚሄድ ያውቃል። ደግሞም ኮሌራ በትንፋሽ የሚገባ ከሆነ ሳንባን ማሳመም ነበረበት። የሚያሳምመው ግን ሆድን ነው። ስለዚህ የሚገባው በአፍ መሆን አለበት። ከታማሚው ሰገራ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ሌላው ሰው አፍ። ይህን በ1849 በትንሽ ጽሑፍ አሳተመ። ብዙም የሰማው የለም።

በ1854 ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኮሌራ ራሱ ሰፈሩ መጣ። ሶሆ ውስጥ ብሮድ ስትሪት የሚባል መንገድ አለ፤ መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ የሚቀዳበት የእጅ ፓምፕ። ውሃው የጠራና ቀዝቃዛ ነው ተብሎ የተመሰገነ ነበር። ራቅ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ በአጠገባቸው ያለውን ፓምፕ ትተው እሱን ይመርጣሉ። (ይህን ሳነብ የእኔ ጅረት ትዝ አለኝ።) በአሥር ቀን ውስጥ በዚያች ትንሽ ሰፈር ከ500 በላይ ሰው አለቀ። የቻለ ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ሸሸ።

ስኖው አልሸሸም። ውሃውን በማይክሮስኮፕ አየ፤ የሚያሳምን ነገር አላገኘም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዘ። የሟቾችን ዝርዝር ከመዝገብ ጽሕፈት ቤት ወስዶ በየቤቱ ማንኳኳት ጀመረ። በዝርዝሩ ላይ 83 ሟቾች ነበሩ። 73ቱ የሚኖሩት ከሌሎች ፓምፖች ይልቅ ለብሮድ ስትሪቱ በሚቀርብ ቤት ነው። ከእነዚህ 61ዱ ከዚያ ፓምፕ ይጠጡ እንደነበር ቤተሰቦቻቸው ነገሩት። ሐዘን ከተቀመጠ ሰው ፊት ቆሞ የሞተው ሰው ውሃ ከየት ነበር የሚጠጣው ብሎ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡ። እሱ ግን ጠየቀ።

እኔን ይበልጥ የገረሙኝ ግን ያልሞቱት ናቸው። በዚያው መንገድ ላይ ያለ ቢራ ጠማቂ ቤት 70 ያህል ሠራተኛ ነበረው፤ አንድም አልሞተም። ባለቤቱ ሲጠየቅ ሠራተኞቹ የሚጠጡት የተፈቀደላቸውን ቢራ እንደሆነ፣ ግቢው ውስጥም የራሱ ጉድጓድ እንዳለ ተናገረ። ቢራ ሲጠመቅ ይፈላል። በአቅራቢያው ከ500 በላይ ድሆች የሚኖሩበት መጠለያ ነበር፤ የሞቱት አምስት ብቻ ናቸው። እሱም የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ሁሉም የሚተነፍሱት አንድ አየር ነው። የሚለያዩት በሚጠጡት ነው። እኛም ድንኳን ውስጥ አምስታችን አንድ አየር ነው የተነፈስነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የአንዲት መበለት ታሪክ ነው። ሴትዮዋ ድሮ ብሮድ ስትሪት ይኖሩ ነበር። በኋላ ሃምፕስቴድ ወደተባለ ራቅ ያለ ሰፈር ሄዱ። የድሮ ሰፈራቸው ውሃ ጣዕም ግን ስለሚናፍቃቸው በየቀኑ በጋሪ አንድ ጠርሙስ ይላክላቸዋል። ያንን ጠጥተው ሞቱ። ሊጠይቋቸው መጥታ አብራቸው የጠጣችው የእህታቸው ልጅም ወደ ቤቷ ተመልሳ ሞተች። በሁለቱም ሰፈር ሌላ የኮሌራ በሽተኛ አልነበረም። ለስኖው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም።

መስከረም 7 ቀን ማታ የአጥቢያው አስተዳዳሪዎች ስብሰባ ላይ ቀርቦ ያገኘውን አስረዳ። ሙሉ በሙሉ አላመኑትም። ግን ሌላ የሚሞክሩት ነገር አልነበራቸውም። በማግስቱ የፓምፑን እጀታ ነቀሉት። በቃ። አንድ ብረት ነው የተነሳው።

እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ወረርሽኙ እየቀነሰ ነበር፤ ብዙው ሰው ሸሽቷልና። ይህን ስኖው ራሱም ሳይደብቅ ጽፏል። የሠራውን ነገር አጋንኖ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ግን ታሪኩ እዚህ አላለቀም።

ሄንሪ ዋይትሄድ የሚባል የሰፈሩ ወጣት ቄስ ነበር። ምዕመኑን አንድ በአንድ ያውቃል። የስኖው ሐሳብ ስላልተዋጠለት ስህተት መሆኑን ሊያሳይ የራሱን ጥናት ጀመረ። በየቤቱ እየተመላለሰ ሲጠይቅ፣ እንዳሰበው ሳይሆን፣ ስኖው ትክክል መሆኑን አገኘ። ከፓምፑ ፊት ለፊት ባለ ቤት ቁጥር 40 ውስጥ አንዲት ሕፃን ከወረርሽኙ ቀደም ብላ ታማ ነበር። እናቷ ጨርቋን ያጠበችበትን ውሃ ምድር ቤት ያለ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ነበር የምትደፋው። ሲቆፈር ጉድጓዱ ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ግንቡም ፈራርሶ ቆሻሻው ወደ ውሃው ይሰርግ ነበር።

እና የሕፃኗ አባት በኮሌራ የታመመው እጀታው በተነቀለበት ቀን ነው። የእሱም ቆሻሻ የሚደፋው እዚያው ነው። ፓምፑ ክፍት ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ዙር እልቂት ሊነሳ ይችል ነበር። ዋይትሄድ ከዚያ በኋላ ከስኖው ጋር ወዳጅ ሆነ። ተሳስቻለሁ ማለት የቻለ ሰው ነው፤ ብርቅ ነው።

ስኖው በዚያው ዓመት ሌላም ሠርቷል። በደቡብ ለንደን ሁለት ኩባንያዎች በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ላይ ውሃ ያከፋፍሉ ነበር። አንደኛው ውሃውን የሚቀዳው የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት የቴምዝ ወንዝ ክፍል ነው። ሌላው በ1852 መቅጃውን ከከተማው በላይ፣ ንጹሕ ወደሆነው ክፍል አዛውሯል። ስኖው ሟቾቹን ቆጠረ። በቆሻሻው ውሃ ከ10,000 ቤት 315 ሰው ሞቷል፤ በንጹሑ 37። በ1855 ይህን ሁሉ፣ ሟቾቹን በየቤታቸው በጥቁር መስመር ካሳየበት ካርታ ጋር፣ በመጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ስልካችን ላይ ሎኬሽን ሲላክ የምናያት ነጥብ የእሱ ካርታ የልጅ ልጅ ናት ብል ብዙ አላጋነንኩም።

በመጽሐፉ ውስጥ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበትም ጽፏል። በሽተኛ የሚያስታምም እጁን ቶሎ ቶሎ ይታጠብ፤ የሚጠጣው ውሃ ከፍሳሽ የራቀ ይሁን፤ ካልተቻለ በደንብ ይፍላ፣ ቢቻል ደግሞ ይጣራ። ይኸው ነው። ከ170 ዓመት ገደማ በኋላ፣ አተት በገባ ቁጥር በሬዲዮ የሚነገረን ይኸው ነው።

የሚመለከታቸው ባለሥልጣናት ግን አልተቀበሉትም። ስኖውም ሳይቀበሉት ሞተ። ሰኔ 1858 ስለ ክሎሮፎርም መጽሐፍ እየጻፈ ሳለ ደም አእምሮው ውስጥ ፈሰሰና ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 16፣ አረፈ። 45 ዓመቱ ነበር። ላንሴት የተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ሞቱን በጥቂት መስመር ብቻ ነገረ፤ ስለ ኮሌራ ሥራው አንድም ቃል አላነሳም። መጽሔቱ ማስተካከያ ያወጣው በ2013 ነው። ከ155 ዓመት በኋላ! ሮበርት ኮህ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ ለዓለም ያሳየው በ1884 ነበርና ስኖው ያንንም አላየም።

ዛሬ ያ መንገድ ብሮድዊክ ስትሪት ይባላል። እጀታ የሌለው ፓምፕ ለመታሰቢያ ቆሞበታል። አጠገቡ በስሙ የተሰየመ መጠጥ ቤት አለ፤ ያውም ለብዙ ዓመት መጠጥ ተዉ እያለ ሲሰብክ ለነበረ ሰው። ሳቅሁ። ከዚያ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል አየሁና ሳቄ ጠፋ።

እሺ፣ እኛስ? ድንኳን ይዘን ስንወጣ ምን እናድርግ? ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

የጠራ ውሃ ማለት ንጹሕ ውሃ ማለት አይደለም። ጀርም በዓይን አይታይም። ከላይ ማን እንዳለ አታውቁም፤ ከብት፣ ዝንጀሮ፣ ሰው። ስለዚህ ማንኛውንም የወንዝ ውሃ እንደተበከለ ቁጠሩት።

የሚታመነው መንገድ ማፍላት ነው። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ እንዲጠል ተዉትና በንጹሕ ነጠላ ወይም ጨርቅ አጥልሉት። ከዚያ አፍሉት። ትንሽ ሲሞቅ ወይም ጭስ ሲያወጣ ሳይሆን፣ ከታች እስከ ላይ ሲንተከተክ ነው ፈላ የሚባለው። ከተንተከተከ በኋላ ቆላ ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ሦስት ደቂቃ ቆዩ፤ ምክንያቱም ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ 90 ገደማ ነው። ጋዝ ሲቆጠር ይህን አስቡበት። ሲበርድ ደግሞ መልሳችሁ ያልታጠበ ሃይላንድ ውስጥ አትጨምሩት፤ ልፋታችሁ ገደል ይገባል።

ማፍላት ካልተቻለ እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን ፈሳሽ ወይም እንክብል ያዙ። መጠኑን ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ አድርጉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትጠጡ ጠብቁ። የደፈረሰ ውሃ ላይ ክሎሪን አቅሙ ይደክማል፤ መጀመሪያ አጥልሉት። አንዳንድ ጥገኛ ተሕዋስያንን ደግሞ ክሎሪን ጨርሶ አይገድላቸውም፤ ማፍላት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሁለቱም ከሌለ ፀሐይ አለች። በጠራና ቀለም በሌለው ሃይላንድ፣ ከሁለት ሊትር ባልበለጠ፣ ያልደፈረሰ ውሃ ሞልታችሁ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ላይ አጋድሙት። ሰማዩ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ይፈልጋል።

ሽንት ቤት ስትሄዱም ከወንዙ ራቁ፤ 60 ሜትር ያህል። ቆፍሩ፣ ቅበሩ። ከእናንተም በታች የሚጠጣ ሰው አለ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቦርሳ ውስጥ ኦ አር ኤስ አይጥፋ። አንድ ሰው ካመመው በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ስጡት፤ ከበረታበት ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ወንድሜ ዳነ። ለእናቴ ከሦስት ቀን በኋላ እውነቱን ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ምድጃ አልያዝክም ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይዤ ነበር አልኳት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም።

በዚህ ዓመት እንደገና አብረን ወጣን። ድንኳን ሳይተከል፣ ቦርሳ ሳይፈታ በፊት እሱ ምድጃውን ለኮሰና ድስቱ አጠገብ ቁጭ አለ። መንተክተክ ሲጀምር ስልኩን አውጥቶ ሦስት ደቂቃ ሞላ። ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር። ፎቶ አላነሳሁም፤ አብሬው ተቀመጥኩ።